የባዕድ ጦርነት ዘማቾችና የመንግሥታት ኃላፊነት

በዓለም ታሪክ ውስጥ ጦርነት ያልታየበት ዘመን እንደሌለ ሁሉ፣ የራሱ ባልሆነ ጦርነት ውስጥ ገብቶ የሚዋጋ ሰው ያልታየበት ዘመንም የለም። አገሩ ሳይወረር፣ መንግሥቱ ሳያዘው፣ የክተት ዐዋጅ ሳይታወጅበት፣ ድንበር ተሻግሮና ባሕር አቋርጦ በማያውቀው ምድር ጠመንጃ የሚያነሣ ሰው በየትውልዱ ተነሥቷል። ታሪክ አንዳንዱን በክብር ያነሣዋል፤ ሌላውን በእርግማን ያስታውሰዋል፤ የሚበዛውን ግን ረስቶታል። ይህ ሰው ማነው? ከቤቱ ያወጣው ምንድን ነው? መንገዱን የጠረገለትስ ማነው? ጦርነቱ ሲያበቃ ወዴት ይሄዳል? መንግሥታትስ ምን ሊያደርጉ ይገባቸዋል?

እነዚህ ጥያቄዎች የዲፕሎማቶችና የሕግ ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ይመስሉ ይሆናል። አይደሉም። ዘማቹ ከሰማይ አይወርድም። ከአንድ ቀበሌ፣ ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት፣ ከአንዲት እናት ጓዳ ይወጣል። የተመለሰ እንደሆነም የሚመለሰው ወደዚያው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ አስቀድሞ የሚመለከተው የሰፈር ነዋሪውንና ሠራተኛውን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስጨብጥ የምንሻው ፍሬ ነገርም አንድ ነው፤ ይኸውም ዘማቹን በጅምላ አወድሶ የሚሸኝ መንግሥትም ሆነ በጅምላ ኮንኖ በር የሚዘጋበት መንግሥት ከአንድ ስሕተት ላይ ይወድቃሉ የሚል ነው። የመጀመሪያው ለዛሬው ጦርነት፣ ሁለተኛው ደግሞ ለነገው ጦርነት ተዋጊ ያቀርባል። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘማቹ ማነው?

በአንድ ነገር ላይ ከመፍረድ በፊት ነገሩን ከመሰሎቹ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በሰው አገር የተዋጋ ሁሉ በአንድ ስም ሊጠራ አይችልምና።

አንደኛ፣ መንግሥቱ አዞት የሚዘምት ወታደር አለ። በ1951 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጥሪ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የዚህ ምሳሌ ነው። ወታደሩ የተዋጋው በባዕድ ምድር ቢሆንም የተከተለው የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ነው። ቢማረክ እንደ ጦር ምርኮኛ ይያዛል፤ ቢያጠፋ መንግሥቱ ይጠየቅበታል፤ ሲመለስ ወገኑ ይቀበለዋል። ስለ እርሱ ሕጉም ሆነ ወጉ ግልጽ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅጥረኛው ወታደር አለ። ይህኛው የሚዋጋው ለገንዘብ ነው። አፍሪካ ቅጥረኛን የምታውቀው ከመጽሐፍ አንብባ ሳይሆን በሥጋዋ ላይ ባረፈው ቁስል ነው። በ1960ዎቹ በኮንጎ፣ በ1976 በአንጎላ፣ በ1978 በኮሞሮስ መንግሥት ለመገልበጥና የእርስ በርስ ጦርነት ለማባባስ የተሰማሩት ቅጥረኞች ያደረሱት ጥፋት አይረሳም። በ1976 በሉዋንዳ ከተማ 13 ቅጥረኞች ለፍርድ ቀርበው 4ቱ በሞት፣ የቀሩት በረዥም እስራት ተቀጡ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1977፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በሊብሬቪል ከተማ ባደረገው ጉባኤ ቅጥረኝነትን ከአፍሪካ ለማጥፋት የሚያስችል ስምምነት አጸደቀ። በዚያው ዓመት የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮልም ቅጥረኛ እንደ ጦር ምርኮኛ የመቆጠር መብት እንደሌለው ደነገገ።

ሦስተኛ፣ ወዶ ዘማቹ አለ። ይህኛው የሄደው መንግሥት አዞት አይደለም፤ ዋና ምክንያቱም ገንዘብ አይደለም። በሃይማኖት፣ በዘር፣ በቋንቋ ወይም በፖለቲካ እምነት ወገኔ ነው ለሚለው ሕዝብ ለመዋጋት ነው። በዛሬው የዓለም አቀፍ ሕግና ፖለቲካ ቋንቋ «የውጭ አገር ተዋጊ» ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ይህ ሦስተኛው ነው።

በወረቀት ላይ እንዲህ የተለያዩት ሦስቱ በተግባር ይደባለቃሉ። በእምነት የሄደው ደመወዝ ሲቀበል ይገኛል፤ ለእንጀራ የሄደው የተኩስ ግንባር ላይ ራሱን ያገኘዋል፤ ቅጥረኛውም የአንድ ዓላማ አርበኛ ነኝ ብሎ ይምላል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ያስኬደውን ምክንያትና የሠራውን ሥራ መመርመር ይገባል።

ከቤቱ ያወጣው ምንድን ነው?

የአገራችን ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምስክር ነው። በጥቅምት 1935 የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ በኒውዮርክ የሃርለም ሰፈርና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ እንዝመት ብለው ስማቸውን አስመዘገቡ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያን በስም እንጂ በዓይናቸው አላዩዋትም። ነገር ግን የእርሷ ውርደት ውርደታቸው፣ የእርሷ ነጻነት ተስፋቸው ሆኖ ተሰማቸው። የአሜሪካ መንግሥት በ1818 የወጣውን፣ ዜጎቹ በባዕድ ጦር ውስጥ እንዳይገቡ የሚከለክለውን ሕግ ጠቅሶ ስላስጠነቀቃቸው ከጥቂቶች በቀር ሊመጡ አልቻሉም። ከመጡት አንዱ የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ነው። በጦርነቱ ጊዜ የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች እየመራ አገለገለ፤ ከድል በኋላም ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ።

በሐምሌ 1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲቀሰቀስ ከ50 በላይ ከሆኑ አገሮች ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ወዶ ዘማቾች የሪፐብሊኩን መንግሥት ለመርዳት ወደ ስፔን ጎረፉ። ከእነርሱም መካከል የማዕድን ቆፋሪዎች፣ የመርከብ ሠራተኞች፣ መምህራንና ተማሪዎች ይገኙ ነበር። 90 ያህል ጥቁር አሜሪካውያንም ነበሩባቸው። ለኢትዮጵያ መዋጋት ያልተቻላቸው አንዳንዶቹ፣ ያው ሙሶሊኒ ለጄኔራል ፍራንኮ ጦር ልኮ ነበርና፣ የኢትዮጵያን ወራሪ በስፔን ምድር ላይ ልናገኘው እንችላለን ብለው ሄዱ። ይህም ብቻ አይደለም። በስፔን የተዋጋው ኢጣሊያዊ ፀረ ፋሺስት ኢሊዮ ባሮንቲኒ በ1939 ከሁለት ጓዶቹ ጋር ጎጃም ድረስ ዘልቆ፣ የገዛ አገሩ መንግሥት ከላከው ጦር ጋር ይፋለሙ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን አርበኞች ጎን ተሰልፏል።

እነዚህን ሰዎች ምን እንበላቸው? የፋሺስቱ መንግሥት ከሃዲዎች ይላቸው ነበር። እኛ ወዳጆች እንላቸዋለን። ድንበር መሻገር ብቻውን ክብርም ነውርም አይደለም። ክብሩም ነውሩም የሚመነጨው ከተነሡለት ዓላማና በጦር ሜዳ ከሚሠሩት ሥራ ነው። ይህን ሳንቀበል ስለ ባዕድ ጦርነት ዘማቾች የምንሰጠው ፍርድ ሁሉ የቆመበት መሠረት አይኖረውም።

ይሁን እንጂ ይህን እውነት ከእኛ ይልቅ ጠንቅቆ የሚያውቀው መልማዩ ነው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ተመራማሪ ዴቪድ ማሌት በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ በ1830ዎቹ ከነበረው የቴክሳስ ጦርነት አንሥቶ እስከ ስፔን፣ እስከ 1948ቱ የእስራኤል ጦርነትና እስከ አፍጋኒስታን ያሉትን ዘመቻዎች አነጻጽሯል። የደረሰበት ድምዳሜ በዓላማ ሰማይና ምድር የሚራራቁት እነዚህ ዘመቻዎች በምልመላ ስብከታቸው አንድ ናቸው የሚል ነው። ስብከቱ «ሂድና ውረር» አይልም። «ወገንህ እያለቀ ነው፤ ዛሬ ካልደረስህለት ነገ ተራው ያንተ ነው» ይላል። ስለዚህም ወጣቱን ከቤቱ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ለራሱ ወገን ተቆርቋሪ ነኝ ብሎ ማመኑ ነው። መልማዩ ይህን የተቆርቋሪነት ስሜት ለራሱ ዓላማ መንጃ ያደርገዋል።

ለዚህ በአፍሪካ ቀንድ የታየ ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ ጦር በታኅሣሥ 2006 ሶማሊያ ከገባ በኋላ፣ በ2007 እና በ2008 በአሜሪካዋ የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የሚኖሩ ከ20 በላይ የሶማሊ ተወላጅ ወጣቶች አልሸባብን ለመቀላቀል በሥውር ተጓዙ። አብዛኞቹ በሕጻንነታቸው ከእርስ በርስ ጦርነት ሸሽተው የወጡ የስደተኛ ልጆች ነበሩ። የተነገራቸው አገራችሁን ከባዕድ ጦር ታደጉ የሚል ነበር። እዚያ ከደረሱ በኋላ ግን ከመካከላቸው የገዛ ሕዝባቸውን በሚገድል ፈንጂ ላይ እንዲቀመጡ የተደረጉ ነበሩ። እናቶቻቸው የሄዱበትን ያወቁት ከሄዱ በኋላ ነው። ጥሪው አንድ ነገር፣ የጦር ሜዳው ሥራ ሌላ ነገር ሆኖ መገኘቱ የምልመላ ሁሉ ዋና ባሕርይ ነው።

ሁለተኛው አስወጪ ምክንያት እንጀራ ነው። የሩስያና የዩክሬን ጦርነት በየካቲት 2022 ሲስፋፋ ዩክሬን የውጭ አገር ወዶ ዘማቾችን የሚቀበል ሌጌዎን አቋቋመች። በሚያዝያ 2022 ደግሞ በአዲስ አበባ በሚገኘው የሩስያ ኤምባሲ ደጃፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ማስረጃቸውን ይዘው ተሰልፈው ታዩ። ያሰለፋቸው ለሚዘምት ዳጎስ ያለ ገንዘብና በሩስያ ሥራ ይሰጣል የሚል ወሬ ነበር። ኤምባሲው ተዋጊ እንደማይመለምል በይፋ አስታወቀ። ከዚያ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ስለ ዶንባስ ምን ያውቅ ነበር? በዩክሬናዊው ገበሬ ላይስ ምን ቂም ነበረው? ምንም። የያዘው የሥራ ማጣትን ቂም ነው።

ወሬ ብቻ ሆኖ በማይቀርበት አገር ደግሞ ውጤቱ ሬሳ ነው። ከኔፓልና ከህንድ ብዙ ሰዎች የጥበቃ ወይም የረዳትነት ሥራ እየተባሉ ሩስያ ከደረሱ በኋላ ግንባር ላይ ተገኙ። ኔፓል ዜጎቿ ከሞቱባት በኋላ በጥር 2024 ለሥራ ወደ ሩስያና ወደ ዩክሬን መሄድን አገደች። በኅዳር 2025 የደቡብ አፍሪካ መንግሥት 17 ዜጎቹ ዶንባስ ውስጥ ሆነው የድረሱልን ጥሪ እንዳሰሙ ገልጾ፣ ፕሬዚዳንቱ እንዴት እንደሄዱ እንዲመረመር አዘዙ። እዚህ ላይ ሠራተኛው አንባቢያችን አንድ የሚያውቀውን ሰው ያገኛል፤ እርሱም ደላላው ነው። ልጅን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር፣ ወጣትን በሊቢያ በረሓ በኩል ወደ አውሮፓ እያለ የሚልክ ደላላ ባለበት አገር፣ ለጦር ግንባር የሚልክ ደላላ አዲስ ሙያ መማር አያስፈልገውም። ሸቀጡም ያው ሰው፣ ማታለያውም ያው የደመወዝ ተስፋ ነው።

የመንግሥታት ሁለት ስሕተቶች

መንግሥታት በዚህ ጉዳይ ላይ ያሳዩት አያያዝ ሲመረመር ሁለት ስሕተቶች ተደጋግመው ይታያሉ።

የመጀመሪያው ጦርነቱ ሲጠቅማቸው ሂያጁን ማበረታታት ነው። የሶቪየት ጦር በታኅሣሥ 1979 አፍጋኒስታን ከገባ በኋላ በ1980ዎቹ ከዐረብ አገሮች በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ጦርነቱ ሲሄዱ፣ ከመንግሥቶቻቸው አንዳንዱ ደግፎ፣ አንዳንዱ አይቶ እንዳላየ ሆኖ አሳለፈ። በፓኪስታን ፔሻዋር ከተማ በ1984 የተቋቋመው «የአገልግሎት ቢሮ» ለመጪዎቹ ማደሪያና መንገድ ያመቻች ነበር፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ኦሳማ ቢን ላደን ነው። በአገር ውስጥ የሚያስቸግረውን ጎረምሳ ሩቅ ጦርነት ውስጥ መላክን እንደ ዕፎይታ የቆጠረ መንግሥትም አልጠፋም። ዳሩ ግን እሳቱን ጎረቤት ቤት ያኖረ ሰው ጢሱ ወደ ቤቱ እንደማይመጣ ርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚያው ቀጥሎ መጣ። የሶቪየት ጦር በየካቲት 1989 ሲወጣ ትናንት የተሸኘው ወጣት ዛሬ የማይፈለግ ሆነ። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ወደ ሰላማዊ ኑሯቸው ተመለሱ። ቢመለሱ እስራትና ሥቃይ የሚጠብቃቸው ግን አገር የሌላቸው፣ ከጦርነት በቀር ሙያ የሌላቸው፣ ከጓዶቻቸው በቀር ዘመድ የሌላቸው ሰዎች ሆኑ። ከእነዚህ መካከል በ1992 የጀመረው የቦስኒያ ጦርነት የተቀበላቸው አሉ። በ1995 የተፈረመው የዴይተን ስምምነት የውጭ ተዋጊዎች በ30 ቀን ውስጥ ቦስኒያን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ወዴት ይውጡ? ለሚለው ጥያቄ የብዙዎቹ አገሮች መልስ ዝምታ ነበር። ወደ አልጄሪያ የተመለሱትም የ1990ዎቹን አሰቃቂ የእርስ በርስ ጦርነት የተቀላቀሉ አሉባቸው። ቢን ላደን ዜግነቱን በ1994 ከተቀማ በኋላ ከሱዳን በ1996 ወደ አፍጋኒስታን ተመለሰ። የቀረውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል።

በር መዝጋት የሚጎዳው አደገኛውን ብቻም አይደለም። ወደ 800 የሚሆኑ ስዊስ ዜጎች በስፔን ለሪፐብሊኩ ተዋግተው ሲመለሱ ወታደራዊ ፍርድ ቤቶች በባዕድ ጦር ውስጥ አገልግላችኋል ብለው ብዙዎቹን በእስራት ቀጧቸው። የአገሪቱ ምክር ቤት ፍርዱን የሻረላቸው በ2009 ነው። በዚያን ጊዜ ከጥቂቶቹ በቀር በሕይወት አልነበሩም። በአንጻሩ ስፔን በ1996 በሕይወት ለተገኙት የዓለም አቀፍ ብርጌድ አባላት ዜግነቷን ሰጠች። አንዱን ሰው አንዱ ሕግ ወንጀለኛ፣ ሌላው ሕግ የክብር ዜጋ ሲያደርገው ማየት፣ በጅምላ መፍረድ ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ያስተምራል።

ይህ ሁሉ ታይቶም ስሕተቱ በሶርያ ተደገመ። ከ2011 በኋላ ከ100 በላይ ከሆኑ አገሮች ከ40 ሺህ በላይ የውጭ ተዋጊዎችና ተከታዮቻቸው ወደ ሶርያና ወደ ኢራቅ ገቡ። እስላማዊ መንግሥት ነኝ ያለው ቡድን በመጋቢት 2019 የመጨረሻ ይዞታውን ባጉዝን ሲያጣ፣ በሰሜን ምሥራቅ ሶርያ አልሆል በተባለው ሠፈር ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች ታጉረው ተገኙ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። ብሪታንያን የመሳሰሉ አገሮች የአንዳንዶቹን ዜግነት ሰረዙ፤ ሌሎች መንግሥታትም ጉዳዩ እንደሌለ ቆጠሩት። ዜግነትን መሰረዝ ግን ሰውየውን ከምድር አይሰርዘውም። ሸክሙን ከሀብታም አገር ትከሻ አውርዶ በጦርነት በደቀቀ አገር ትከሻ ላይ መጫን ብቻ ነው። በሽቦ አጥር ውስጥ የሚያድግ ሕጻንም የአባቱን ጦርነት ከአጥሩ ውስጥ ይማረዋል።

አደጋው የሚናቅ አይደለም

ይህን ስንል ተመላሽ ሁሉ የዋህ ነው ማለታችን አይደለም። በኅዳር 2015 በፓሪስ 130 ሰዎች ከተገደሉበት ጥቃት አድራሾች መካከል ሶርያ ተዋግተው የተመለሱ ነበሩ። ሕዝብ የሚሰጋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መንግሥትም ዜጎቹን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ነገር ግን ስጋት ሚዛን ያስፈልገዋል። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶማስ ሄግሃመር ከ1990 እስከ 2010 ከምዕራብ አገሮች የሄዱ የጂሃድ ተዋጊዎችን አጥንቶ በ2013 ባወጣው ጽሑፍ፣ ከሄዱት 9 ሰዎች ቢበዛ አንዱ ብቻ በምዕራብ አገር ጥቃት ወደማሰብ እንደሚዞር ገምቷል። ከዚሁ ጋር፣ ልምድ ያለው ተመላሽ የሚሳተፍበት ሴራ ልምድ ከሌለው ሰው ሴራ ይልቅ ገዳይ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱ ግኝቶች አብረው መነበብ አለባቸው። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ይዘናጋል፤ ሁለተኛውን ብቻ ያነበበ ስምንቱን ለአንዱ ሲል ወደ ጠላት ጎራ ይገፋል። የመንግሥት ሥራ አንዱን ከስምንቱ መለየት ነው። ለመለየት ደግሞ ሰውየው በሩቅ በረሓ ጠፍቶ ሳይሆን በሕግ እጅ ውስጥ መሆን አለበት።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ደረጃ የሕግ ክንድ ቀድሞ ማረፍ የሚገባው በመልማዩ ላይ ነው። የተመለመለው አንድ ነው፤ መልማዩ ግን ነገ ዐሥር ይልካል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በመስከረም 2014 ባሳለፈው ቁጥር 2178 ውሳኔ አባል አገሮች ለሽብር ተግባር መጓዝን ብቻ ሳይሆን መመልመልን፣ ገንዘብ መስጠትንና ጉዞ ማመቻቸትንም በወንጀል እንዲቀጡ አዟል። በሥራ ስም ተታልሎ ግንባር ላይ የተገኘው ሰው ግን ከአታላዩ ጋር በአንድ ሰንሰለት መታሰር አይገባውም። እርሱ በመጀመሪያ ነገር ተበዳይ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ሰው በሠራው ሥራ በፍርድ ቤት ይዳኝ። የገደለ፣ ያሰቃየ፣ ሰውን በባርነት የያዘ ማንም ቢሆን «ለእምነቴ ብዬ ነው» በሚል ቃል ሊያመልጥ አይገባም። በ2021 በጀርመን የሙኒክ ፍርድ ቤት ወደ ኢራቅ ሄዳ ቡድኑን የተቀላቀለች አንዲት ጀርመናዊት በባርነት የተያዘች የ5 ዓመት የያዚዲ ሕጻን በፀሐይ ላይ በውሃ ጥም ስትሞት ባለማዳኗ ፈረደባት። ያች ሕጻን በሩቅ አገር የሞተች ብትሆንም እናትዋ በችሎቱ ቆማ መሰከረች። ዜግነት ተሰርዞ በሩ ቢዘጋ ኖሮ ይህ ፍርድ አይገኝም ነበር። በር መዝጋት ጥብቅነት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ከፍትሕ መሸሽ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ሕጻናት ከአባቶቻቸው ዕዳ ይላቀቁ። ካዛክስታን ከ2019 ጀምራ ባካሄደችው ዘመቻ ከ600 በላይ ዜጎቿን ከሶርያ መልሳለች፤ ከእነርሱም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕጻናት ናቸው። ወንዶቹን ለፍርድ አቀረበች፤ እናቶችንና ሕጻናትን በማገገሚያ ጣቢያ አሳልፋ ወደ ዘመዶቻቸው መለሰች። የዘመቻው ስም «ዙሳን» ነው። ዙሳን የአሪቲ ዘመድ የሆነ፣ መዓዛው ለካዛክ ሕዝብ የአገር ሽታ የሆነ የሜዳ ተክል ነው። ካዛክስታን ከብሪታንያና ከፈረንሳይ ያነሰ ሀብት ያላት አገር መሆኗን ልብ ይሏል። የጎደላቸው ገንዘብ ሳይሆን ቆራጥነት ነበር።

በአራተኛ ደረጃ ለሚመለሰው መመለሻ መንገድ ይከፈትለት። የዴንማርኳ የኦርሁስ ከተማ በ2013 ወደ 30 የሚጠጉ ወጣቶች ወደ ሶርያ ከሄዱባት በኋላ፣ ፖሊስ፣ ትምህርት ቤት፣ ማኅበራዊ አገልግሎትና ወላጆች በአንድነት የሚሠሩበትን አሠራር አጠናከረች። ወንጀል የሠራ ይከሰሳል፤ ወንጀል ያልተገኘበት ግን መካሪ ይመደብለታል፣ ወደ ትምህርቱና ወደ ሥራው እንዲመለስ ይረዳል። ከተማዪቱ ወጣቶቹ ይሰግዱበት ከነበረው መስጊድ ጋር ከመጣላት መነጋገርን መረጠች። በ2014 የሚሄዱት ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ለውጡን ያመጣው ይህ አሠራር ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ሆኖም መነጋገር አደጋን ያበዛል የሚለውን ፍርሃት ውድቅ አድርጎታል።

በአምስተኛ ደረጃ መንግሥት ለዜጋው ሥራና እውነተኛ ወሬ ያቅርብ። የወሬ ገበያ የሚደራው እውነተኛ ማስታወቂያ በዘገየበት ነው። በኤምባሲ ደጃፍ ላይ የተሰለፈውን ወጣት በፖሊስ መበተን ቀላል ነው። ነገር ግን ሰልፉ የሥራ አጥነት ሰልፍ ነበርና ከአንድ ደጃፍ ቢበተን በሌላ ደጃፍ ይሰለፋል።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው?

ከመንግሥት የሚጠበቀውን ከዘረዘርን በኋላ የራሳችንን ድርሻ ብንተው ጽሑፋችን ጎዶሎ ይሆናል። ወጣት ለጦርነት ሲመለመል ከፖሊስ በፊት የሚያውቀው ሰፈር ነው። የልጁን ጠባይ መለወጥ እናቱ ታያለች፤ ከሥራ መቅረቱን የሥራ ባልደረባው ያውቃል፤ ድንገት ፓስፖርት ማውጣቱን፣ ዕቃውን መሸጡን፣ አንድ የማይታወቅ ሰው መመላለሱን ጎረቤት ይመለከታል። እዚህ ላይ ግን እናትየዋ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥማታል፤ ብናገር ልጄን አሳስረዋለሁን? የመንግሥት ምላሽ እስር ብቻ በሆነበት አገር እናት ዝም ትላለች። በዝምታዋም ልጁ ይሄዳል። ምክርና እርዳታ ባለበት አገር ግን እናት ትናገራለች። የመንግሥት ፖሊሲ ትክክለኛነት የሚፈተነው በዚች እናት አንደበት ነው ብንል አላጋነንም።

ስለዚህ የሰፈር ማኅበራት፣ እድሮች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የሃይማኖት አባቶች ሥራቸው ከዚህ ይጀምራል። ለሥራ ውጭ አገር እሄዳለሁ የሚለውን ወጣት የቀጣሪውን ስም፣ የውሉን ቋንቋ፣ የደላላውን ፈቃድ እንዲያጣራ እንምከረው። በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ውል እንዳይፈርም እናስጠንቅቀው። ለወገኑ ተቆርቋሪ የሆነውን ወጣት ስሜቱን ከማንቋሸሽ ይልቅ ወገንን ማገልገያው መንገድ ጠመንጃ ብቻ እንዳልሆነ በተግባር እናሳየው። ሄዶ የተመለሰውንም በሐሜት ከማግለል ይልቅ፣ የሠራው ጥፋት ካለ ሕግ እንዲያየው፣ ከሌለበት ደግሞ ከሰው ጋር ተቀላቅሎ እንዲሠራ በር እንክፈትለት። ከሠርግና ከለቅሶ የተለየ ሰው የሚቀረው ዘመድ የጦር ሜዳ ጓደኛው ብቻ ነውና።

በባዕድ ጦርነት የሚዘምተው ሰው ለአንዱ ጀግና፣ ለሌላው ሽብርተኛ፣ ለደላላው ሸቀጥ ነው። ለሰፈሩ ግን ልጅ ነው። መንግሥታት እንደ ዳኛ ሥራውን ይመርምሩ፤ እንደ ጠባቂ አደጋውን ይከላከሉ፤ መልማዩን ያሳድዱ። ነገር ግን በር አይቆልፉ። የተቆለፈ በር ተዋጊን አያስቀርም፤ ወደ ሌላ ጦርነት ያዞረዋል እንጂ። በሩን በሕግ ጠባቂነት ክፍት አድርጎ መያዝ የመንግሥት ኃላፊነት ነው፤ ልጁ ከበሩ ሳይወጣ ማስተዋልና ሲመለስም ከበሩ ማዶ ቆሞ መቀበል ደግሞ የእኛ ኃላፊነት ነው።